ፎቶ ሉንዳር

ሐብተማርያም የልብ ኦፕራሲዮን ካደረገ ወዲህ በዚያ ቤት ቅቤ እንደተጣላ ዘመድ ስሙ አይነሳም ነበር። ሚስቱ ጽጌሬዳ የሐኪሙን ትእዛዝ የፍሪጁ በር ላይ ለጥፋ፣ እሱ ጨው የሌለው ሾርባውን ሲጠጣ ከፊቱ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። በዚያ የኦክቶበር ቅዳሜ ጠዋት ግን ዓይኑን እያሸ ወጥ ቤት ሲገባ፣ ጠረጴዛው ላይ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ፣ አጠገቡም ስኳር የበዛበት ሻይ ቀርቦ ጠበቀው። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምንድን ነው ይሄ?» አላት። «ቁርስ ነዋ!» አለች፣ ፊቷን ወደ ሲንኩ እንዳዞረች። «ዛሬ አንድ ቀን ብትበላ ምንም አትሆንም። ብላ እስቲ፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ።» የመጨረሻውን «ብላ» ስትል ድምጿ ሰለል አለ።

እኛ ሰው ልናረዳ ስንል መጀመሪያ እናበላዋለን። የሰማው ሰው ከዚያ በኋላ እህል በአፉ አይዞርምና መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ይህን ደንብ ሐብተማርያም ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ላለው ሐበሻ ሁሉ የለቅሶ ፎቶ የሚሠራው እሱ ነዋ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእድሩ ነው። የእድሩ ሰዎች ከሟቹ ዘመዶች አልበም አንዲት ጉርድ ፎቶ በዘዴ ያስወጡና አፕል ቫሊ እሱ ቤዝመንት ድረስ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ መልሶ አንስቶ፣ አሳድጎ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ይሰጣቸዋል። ለቅሶ ቤት ወንበር ላይ ተደግፎ ሰው ሁሉ እያየ የሚያለቅስበት ያ ትልቅ ፎቶ የእሱ እጅ ሥራ ነው። በዚህ የተነሳ የሰውን ሞት ከልጆቹ ቀድሞ ሲሰማ ኖሯል። ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ካሉት የሐበሻ ሬስቶራንቶች በር ላይ ስንቱን ሰው አግኝቶ፣ እጁን ጨብጦ፣ ስለ በረዶና ስለ መኪና ኢንሹራንስ አውርቶ፣ «እናትህ እንዴት ናቸው?» ሳይል አልፏል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረባቸው ቀናት እነዚያ ናቸው።

ስለዚህ ምልክቱን ለማንበብ አስተማሪ አላስፈለገውም። የስልኩ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሏል። ጠዋት ጠዋት መኪና መግቢያው ላይ ተወርውሮ የሚገኘው ጋዜጣ የለም። ቅዳሜን ያለ ምሳ ሰዓት የማትነሳው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጁ ቅድስት በፒጃማዋ ወርዳ፣ ከኋላው አንገቱን እቅፍ አድርጋ «አይ ላቭ ዩ፣ ዳድ» አለችው። በአማርኛ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ መመለሷን ለምዶታል፤ ሳያናግራት መምጣቷን ግን አልለመደም። በመጨረሻም ጽጌሬዳ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «ረፋዱ ላይ እነ ጋሽ ደጀኔ ሊጠይቁህ ይመጣሉ፤ ወልዳይም አብሮ አለ» አለች። ጋሽ ደጀኔ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መጥተው ጠይቀውታል፣ ቤት ከገባም በኋላ መጥተዋል፤ የአንድ በሽተኛ ድርሻው ያ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው በር የሚያንኳኩት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ማን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አላስቸገረውም። አባትና እናቱን ድሮ ቀብሯል፤ አገር ቤት የቀረው ታላቅ ወንድሙ ቸሩ ብቻ ነው። ቸሩ ስኳር አለበት። ባለፈው ሲደውልለት ድምፁ ጎርነን ብሎ «እግሬ ትንሽ አስቸግራኛለች፣ አንተ ግን ልብህን ጠብቅ» ብሎት ነበር። በበጋው ሊያየው ቲኬት ሊቆርጥ ተነስቶ፣ ይህ የልብ ነገር መጥቶ አስቀረው። አሁን ስልኩን መልሶ ቢሰካ፣ ቢደውል፣ ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን ይሰማ ይሆን? ጽጌሬዳን ቢጠይቃትስ፣ ያ የሰለለ ድምፅ የት ይደርሳል? ካልጠየቀ ቸሩ ቢያንስ እስከ ረፋድ በሕይወት ይቆያል። እንዲህ አስቦ ጨጨብሳውን አንድም ሳያስቀር በላ። ለሚስቱ አዘነላት፤ ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ ማደሯ ነው። «እጅሽን ይባርከው» ብሎ ተነሳና ወደ ቤዝመንት ወረደ።

የቤዝመንቱ ግማሽ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ግማሹ ደግሞ የእሱ ነው። የእሱ በኩል ቀይ አምፖል፣ የፎቶ ማጠቢያ ሳህኖች፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል በአንድ አንድ ዶላር እየገዛ የከመራቸው ፍሬሞች፣ ፎቶ ማሳደጊያው፣ ጥጉ ላይም በቆዳ ቦርሳዋ ውስጥ ሉንዳሯ አለች። ሉንዳር ከላይ ወደ ታች የምትታይ፣ ከፊት ሁለት ሌንስ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩባት ካሜራ ናት። ወንድማማቾቹ ድሬዳዋ ሳሉ ደንበኞች «ባለ ሁለት ዓይኗ» ነበር የሚሏት። ቸሩ ሁለት ሉንዳሮች በአንድ ቀን የገዛው ሱቁን ዘግቶ አገሩ ከሚገባ ግሪክ ነው፤ አንዷን ለራሱ፣ አንዷን ለታናሽ ወንድሙ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ስቱዲዮ ከፍተው ስሙን «ፎቶ ሉንዳር» አሉት። ቀን ላይ ሙቀቱ ስለማያስወጣ ሰው የሚመጣው ምሽት ላይ ነው፤ ቅባት ተቀብቶ፣ ሽቶ ነስንሶ፣ ሐይቅና ጀልባ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል። ቸሩ ካሜራዋ ላይ አንገቱን ደፍቶ «አገጭ ቀና፣ ዓይን ወደ እኔ፣ ስለ ባቡር አታስብ!» ይላል። ለምን ስለ ባቡር እንደሚል ሐብተማርያም ጠይቆት አያውቅም፤ ሰው ግን ሁሌ ይስቅለታል፣ ያኔ ነው የሚያነሳው።

ከስልሳ ስድስቱ ለውጥ በኋላ ጊዜው ሲከፋ ሐብተማርያም በጅቡቲ በኩል ሲወጣ ሻንጣ አልያዘም፤ የያዘው ሉንዳሯን ነው። ሚኒሶታ በገባ በወሩ፣ ስፖንሰር ያደረገችው የቤተ ክርስቲያን ሴት በመኪናዋ ሥራ ልታፈላልግለት ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ ስታዞረው፣ አንድ ጠፍጣፋ ሕንፃ ላይ «ሉንዳር» የሚል ጽሑፍ አየና ሴትየዋን እስክትደነግጥ ድረስ ጮኸባት። የኩባንያው የአሜሪካ መገጣጠሚያና መጠገኛ ነበር። ዘሎ ወርዶ ካሜራዋን ከቦርሳ አውጥቶ እንግዳ ተቀባይዋ ፊት አስቀመጠ፤ እንግሊዝኛው ከዚያ በላይ አይሄድም ነበር። በዚያው ሳምንት መጠገኛው ውስጥ መጥረጊያ ይዞ ገባ፣ ቆይቶም ከጠረጴዛው አንዱን ያዘ፣ እስከ ኦፕራሲዮኑ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም። ነገሩን ለቸሩ በስልክ ሲነግረው ቸሩ አላመነም፤ ሲያምን ደግሞ ከልክ አሳለፈው። ለከዚራ ሰው ሁሉ ወንድሙ የሉንዳር ሰው እንደሆነ አወራ፤ አልበቃ ብሎት የስቱዲዮው ታፔላ ላይ ከስሙ ሥር «በአሜሪካ ወኪል ያለው» ብሎ አስጻፈ። ሐብተማርያም ይህን ሲሰማ ለአንድ ሳምንት ሥራ ቦታ ብቻውን ይስቅ ነበር። ወኪሉ እሱ ነው።

አሁን ከማኅደሩ የቸሩን ፎቶ አወጣ። ራሱ ያነሳው ነው፤ ቸሩ ከሐይቁ መጋረጃ ፊት፣ ፀጉሩን በጎን ከፍሎ፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ። ጀርባው ላይ «ለማልረሳህ ወንድሜ መታሰቢያ ትሁንህ» ይላል። የእድሩ ሰዎች ይህን ፎቶ ፍለጋ ወደ ማን ይመጣሉ? ያለ እሱ የሚሠራው የለም። ወንድሙን ለሌላ እጅ ከመስጠት ራሱ ቢያደርገው ይሻላል። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ሉንዳሯን ፊት ለፊቱ ማቆሚያው ላይ አሰረና አንገቱን ደፋ። መስታወቷ ላይ ቸሩ ቀኙ ግራ ሆኖ ታየው፤ የፀጉሩ ክፍል ወደ ሌላው ጎን ዞሯል። ሥራ ሲጀምር ይህ የካሜራዋ ጠባይ ግራ ያጋባውና ሰውን ግራ ሲለው ወደ ቀኝ ያስኬደው ነበር። ቸሩ ያኔ አልተቆጣውም፤ «እሷ እንደ መስታወት ናት፣ ሰው ራሱን እንደሚያየው ነው የምታየው» አለው። ጣቱን ማስነሻው ላይ አድርጎ «ስለ ባቡር አታስብ» አለና ተጫነው። ሻተሯ ያቺን ለስላሳ ድምፅ አሰማች።

ፊልሙን አጠበ፣ በቅድስት የፀጉር ማድረቂያ አደረቀ፣ ማሳደጊያው ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን መድኃኒት ውስጥ ነከረ። በቀዩ ብርሃን መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ከዚያ ዓይኑ፣ ከዚያ ያ ሊስቅ የደረሰ ከንፈሩ ብቅ አለ። ለስንት ሰው ወንድም ይህን አድርጓል፤ ለአንዱም እንዲህ አላለቀሰም። ከላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ የወንበር መሳብ፣ የጽጌሬዳ ሹክሹክታ። ፎቶው ሲደርቅ ፍሬም መርጦ አስገባው። ማዕዘኑ ላይ የሚደረግ ጥቁር ሪባን ቢያጣ፣ የፊልሙን ጥቁር መጠቅለያ ወረቀት በመቀስ ቆርጦ ለጠፈው። ከዚያ በኋለኛው ደረጃ ወደ መኝታ ቤት ወጣ፤ ጥቁር ሱፉን ለበሰ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ስለከሳ ሱፉ ትከሻው ላይ ተንሸዋረረበት።

ሳሎን ሲገባ ሁሉም ቦታቸውን ይዘዋል። ጋሽ ደጀኔ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ትልቁ ሶፋ ላይ፣ ወልዳይ ከጎናቸው ጉልበቱን አቅፎ፣ ጽጌሬዳ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ። ወልዳይ አስመራ የተወለደ፣ ፕሊማውዝ ከሐብተማርያም ጠረጴዛ ጎን የሚቀመጥ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሲያዩት የሚያወራ ሰው ነበር፣ ዛሬ ጫማውን ያያል። ሐብተማርያም ፎቶውን ጀርባውን አዙሮ ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። ማንም ስለ ሱፉ አልጠየቀም። ጋሽ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለዓመታት የተለማመዱበትን ጀመሩ፤

«ሐብቴ፣ እንግዲህ አንተ አዋቂ ሰው ነህ። የዚህ ዓለም ነገር የማያልፍ የለም። መጽናት ነው...»

«ጋሽ ደጀኔ፣ አይድከሙ» አላቸው። «አውቄዋለሁ።» ፍሬሙን አዞረና ጉልበቱ ላይ አቆመው።

ጽጌሬዳ ፎቶውን አየች፣ ጥቁሩን አየች፣ ሱፉን አየች። «ውይ! ውይ በሞትኩት! ቸሩ! ቸሩ ሞተ እንዴ?» ብላ ከዱካው ተወርውራ ወለሉ ላይ ወደቀች። ወልዳይ «ወይለይ! ወይለይ!» እያለ ተነስቶ ደረቱን ይደቃ ጀመር፤ ቸሩን በስልክ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ቅድስት ከላይ እየሮጠች ወርዳ «ዋት ሃፕንድ? ኢዝ ኢት አንክል ቸሩ? ማሚ!» ብላ ከእናቷ ላይ ተደረበች። ጋሽ ደጀኔ ብቻ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስንቱን ቤት ያስለቀሱ ሰው፣ ራሳቸው ሲረዱ የመጀመሪያቸው ነበር። «መቼ?» አሉ በመጨረሻ፣ ቅር በተሰኘ ድምፅ። «ለእድሩ ሳይነገር?»

ሐብተማርያም ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ልትነግሩኝ የመጣችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ለቅሶው እንደ ቧንቧ ተዘጋ። ጽጌሬዳ ወለሉ ላይ እንዳለች ቀና አለች። «እኛማ... ቸሩን ማን ገደለው? እኛ የመጣነው ለሌላ ነው። ወልዳይ፣ ንገረው እንጂ!» ወልዳይ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና «አታ ሐብቴ» አለ፣ «ሉንዳር ተሸጠ።»

ሐብተማርያም የሰማው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ቸሩ አልሞተም። ሳቅ መጣበት። ሱፉ ከትከሻው እስኪወርድ፣ ጽጌሬዳ «ኧረ ልብህን! ኧረ ስፌትህን!» እያለች እስክትይዘው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት ደግሞ ቁጣው መጣ። «ለፋብሪካ ነው መርዶ የምታረዱኝ? በቅቤ? ወንድሜን በእጄ ጥቁር እንዳለብሰው አደረጋችሁኝ እኮ!» ጽጌሬዳ ቁጣውን አልፈራችም፤ ያደረችበት ጭንቀት አሁን ነው የወጣላት። «ሐኪሙ አይደንግጥ ብሏል። ሰኞ ሥራ ልትገባ ነው፤ በሩ ላይ ደርሰህ ከፈረንጅ አፍ ብትሰማውስ? ጋዜጣው ላይ ወጥቶ ነበር፣ ደበቅኩት። ሰው ሁሉ ሊደውልልህ ነው፣ ስልኩን ነቀልኩት። ምን ላድርግ? ክፉ ነገር ለሰው የሚነገርበት ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም» አለችና አሁን ደግሞ በእውነት አለቀሰች። ሐብተማርያም ፍሬሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ወልዳይ ነገሩን ከመጀመሪያው አወራው። ሐሙስ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ካፍቴሪያ ተጠራ። «መጀመሪያ ዶናት አበሉን» አለ። «እነሱም ያውቁበታል ማለት ነዋ» አለ ሐብተማርያም፣ ጋሽ ደጀኔም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ከዶናቱ በኋላ ከአዲሶቹ ባለቤቶች አንዱ ተነስቶ ሉንዳር የሚለው ስም መቼም አይሞትም፣ እንዲያውም ከዚህ በኋላ በየቤቱ ይገባል አለ። የገዙት ስሙን ነው። ስሙን እንደ ከረሜላ ቀለማቸው የበዛ የፕላስቲክ ካሜራዎች ላይ ይለጥፉታል፤ ነዳጅ ማደያ ባንኮኒ ላይ ከማስቲካ ጎን የሚሸጡ፣ አንዴ አንስተው ከፊልሙ ጋር የሚሰጧቸውና የማይመለሱ። የሚጠገን ነገር ስለማይኖር መጠገኛው ከገና በፊት ይዘጋል። ወልዳይ ናሙናዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሐብተማርያም ይዟት አገላበጣት፤ የባዶ ክብሪት ያህል ክብደት የላትም። በቢጫው ላይ ሉንዳር ተጽፎባታል፣ ፊደሉ ያው ነው፣ የመጨረሻው ጅራቱ ሳይቀር።

«መለዋወጫዎቹስ?» አለ። «የሻተሩ ስፕሪንግ፣ ያ የነሐስ ማርሹ?»

«በርሜል ውስጥ» አለ ወልዳይ። «ትናንት መሳቢያዎቹን ሲገለብጧቸው አየሁ። ለስክራፕ ነው የሚሄደው፣ ሊቀልጥ። እኔም መናገር አቃተኝ።»

ያን ጊዜ ነው ሐብተማርያም ያዘነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ ትልቅ ስለነበረ ይሄኛው ቀስ ብሎ ከኋላ ነው የደረሰበት። ጠረጴዛው ታየው፤ ከላዩ የታጠፈው መብራት፣ በጥርሱ ይዞ የሚሠራባት ትንሿ ብሩሽ፣ ከየአገሩ ተልከው የሚመጡ ካሜራዎች ሲከፈቱ የሚወጣው የሰው ቤት ሽታ። አንዲት ሉንዳር ተከፍታ፣ ተጠርጋ፣ መልሳ ያቺን ድምፅ ስታሰማ ሁልጊዜ የሚያስበው ስለ ቸሩ እጅ ነበር። ያ ቦታ አለ ብሎ ነው ከሆስፒታል አልጋ ላይ የተነሳው። ስሙ ይኖራል፣ ማንም ግን አንገቱን ደፍቶ አያያትም። ይህን ለማን ይነግራል? አጠገቡ ላሉት ተነግሯቸዋል። «ስልኩን ስኪልኝ» አለ ለጽጌሬዳ። «ድምፁን ልስማ።»

ጽጌሬዳ ገመዱን ሰካች፤ ቅድስት የስልክ ካርዱን ጀርባ ፍቃ ቁጥሩን እያነበበች ደወለችለት። ሁሉም ወደ ስልኩ ተጠጉ፤ ጋሽ ደጀኔ ካፖርታቸውን አሁን ገና አወለቁ። ድሬዳዋ መሽቷል፤ ስቱዲዮው ሰው የሚይዝበት ሰዓት ነው። ጥሪው ተንቋቋና ድምፁ መጣ፣ ጎርነን ያለ፣ ግን የራሱ።

«ፎቶ ሉንዳር፣ ጤና ይስጥልኝ!»

ሐብተማርያም ዓይኑን ጨፈነ። «ቸሩ» አለ። «እኔ ነኝ።»

«ሐብቴ! ልብህስ?» ከኋላው የሚስቁ ሰዎች ይሰማሉ። «እኔ ደህና ነኝ፣ እግሬም ተሻላት። ሰው ሞልቶብኛል፣ ሙሽሮች ናቸው። ስማ፣ ባድሩን ታውቀው የለ፣ ታፔላ ጸሐፊውን? አዲስ ቀለም ቀባልኝ። በአሜሪካ ወኪል ያለው የሚለውን በቀይ አደረገው፣ ከባቡር ጣቢያው ድረስ ይነበባል። የስፕሪንጉን ነገር ግን አትርሳ፤ አሮጊቷ ካሜራዬ አንዳንዴ ትይዛለች። ይልቅ ፋብሪካው እንዴት ነው? ደህና ናቸው ሰዎቹ?»

ወልዳይ ቀና ብሎ አየው። ጽጌሬዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቢጫዋ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ደህና ናቸው» አለ ሐብተማርያም። «ሁሉም ሰላም ነው። ስፕሪንጉን ሰኞ እልክልሃለሁ፣ አንድ ሳይሆን ብዙ እልክልሃለሁ። አሁን ሙሽሮቹን አታስጠብቃቸው።»

«አገጭ ቀና!» ሲል ተሰማ ቸሩ፣ ለሰዎቹ ይሁን ለእሱ አልታወቀም፣ ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

ሐብተማርያም መነጋገሪያውን አስቀመጠ። «ወልዳይ፣ በርሜሉ እስከ ሰኞ አይወሰድም አይደል?» አለ። ወልዳይ አይወሰድም አለው። ጋሽ ደጀኔ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም፤ ሥራቸው ነውና ስህተት ሲያዩ ያሳክካቸዋል። ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። «እኛን እንዲያ ተቆጥተህ፣ አንተስ ለምን አልነገርከውም?»

ሐብተማርያም ከፍሬሙ ማዕዘን ላይ ጥቁሩን ወረቀት በጥፍሩ እየላጠ መለሰላቸው።

«እራቱን አልበላማ።»